ሐሙስ እመጣለሁ

ዓይኗ እየጨለመባት ላለች ልጅ "ይነጋል" ይባላል ወይ?

ሻይ ሳፈላ ይህን እጠይቃለሁ፤ ልብስ ሳጥፍ እጠይቃለሁ፤ ተንበርክኬ አሜን ልል ስል ደግሞ ጥያቄው ቀድሞኝ ይወጣል። መልሱን የሚያውቅ ሰው ካለ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰባ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ለእኔ ዘመን ሴት ልጅ ይህም ቀላል አልነበረም። የጸሎት ቤታችንን የማጽናኛ ካርዶች አሥራ አንድ ዓመት በእጄ ይዤአለሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንዲት ልጅ ፊት ተቀምጬ ምን ማለት እንዳለብኝ አላስተማረኝም።

ልጅቱ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ የሞተችው እሷ አራት ዓመት ሲሞላት ነው። በሳል ነው የሞተችው። መጀመሪያ ትንሽ ሳል፣ ከዚያ የማያስተኛ ሳል፣ ከዚያ መሐረብ ላይ ደም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው አጠገቤ ሲያስል ዓይኔ በር ይፈልጋል። ይህን አሁኑኑ የምናገረው ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገኝ ነው፤ ሰበብ ለማድረግ ይሁን ለመናዘዝ ራሴም አልለየሁትም።

አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። የተማሪ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ቤት ዘጠኝ ዓመት ኮሌታ ገጥማለች። አለቃዋ "የእሷን ኮሌታ በማስመሪያ አልለካም፤ ማስመሪያውን ነው በኮሌታዋ የምለካው" ትል ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ታደርጋለች እንጂ ዓይኗ ከሥራ አግዷት አያውቅም። አምና አንድ ቀን ጠዋት ግን ዳቦ እየቆረሰች፣ "እማማ፣ በግራ በኩል ያለውን መጋረጃ ዘግተሽዋል እንዴ?" አለችኝ። በግራችን በኩል ባዶ ግድግዳ እንጂ መጋረጃ አልነበረም።

ሐኪሙ ከዓይኗ ጀርባ የተለጠፈው ስስ ነገር ተላቋል አለ። ቀደዱ፣ ለጠፉ፣ አሸጉ። እሷም ሁለት ሳምንት ሙሉ በፊቷ ተደፍታ ተኛች፤ እንዲያ ካልተኛሽ አይዝም ተብላ። አልያዘም። ግራው ጠፋ። ዘንድሮ ደግሞ ቀኙ ያንኑ ጀመረ። ባለፈው ዓርብ ሐኪሙ እኔን እያየ፣ "ረቡዕ አራት ሰዓት አልጋ ይዤላታለሁ። ረቡዕ ካለፈ እኔም አልነካውም። ከአሥር ሦስት ያህል ዕድል አለው" አለ።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን እንደያዘች፣ "አልሄድም" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው የማትሄጂው?"

"ለግራው ከአሥር ሰባት ነበር ያለው። ሰባቱ ያላዳነኝን ሦስቱ ያድነኛል? በፊቴ ተደፍቼ ወለል ሳይ ሰንብቼ መጨረሻው ጨለማ ከሆነ፣ የቀረችኝን ብርሃን ቀና ብዬ ልጨርሳት።"

እኔ ምን አልኩ? "አይዞሽ" አልኩ።

ዓርብ ማታውን፣ ቅዳሜ ጠዋቱን "አይዞሽ" አልኩ፤ በወረቀት ጽፌም በየጥጉ ለጠፍኩት። ልጅቱ አፏ ስል ነው፤ ሲጨንቃት ትቀልዳለች። "እማማ፣ ከትናንት ወዲህ ዘጠኝ አይዞሽ ብለሽኛል። አንድ ጨምሪና አሥር ይሙላ፤ ከዚያ ዕረፍት ውሰጂ" አለችኝ። ሳቅኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ግን በፎጣ አፌን ይዤ አለቀስኩ። ወዲያው የብስኩት ቆርቆሮው ትዝ አለኝ።

ቆርቆሮው የጸሎት ቤታችን ነው፤ ስሙን "ዞሮ" ብለነዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ ሲታመም ወይም ሲያዝን አንድ ሰው ካርድ ይጽፍለታል፤ የጻፈው ስሙን አያሰፍርም። የተጻፈለት ሰው ሲጽናና ካርዱን በፖስታው አሽጎ ይመልሳል፤ እኛም ቁጥር ሰጥተን ቆርቆሮው ውስጥ እንከታለን። ሌላ የሚጨነቅ ሲመጣ አንድ ፖስታ ይወጣለታል። ቁጥሩን ለጸሐፊያችን እነግራታለሁ፤ እሷ መዝገቧን አይታ ካርዱን ለመለሰው ሰው ትልክበታለች። ያ ሰው ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ አዲሱን ሰው ሄዶ ይጠይቃል። የተጽናና ያጽናና ማለት ነው። ቆርቆሮውን የምይዘው እኔ ካርዶቹን አላነብም። የሰው ኀዘን ነውና ታሽጎ ይቀመጥ ብዬ ይህን ሕግ ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ያኔ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ጸለይኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እጄን ከተትኩ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ወጣ። ወዲያው ለጸሐፊዋ ደወልኩ። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ እስካሁን ስልክ የምታነሳው ስም እንደምትጠራ ሆና ነው። "ሠላሳ አንድ፤ ተመዝግቧል፤ ዛሬውኑ እልካለሁ" አለች። ወደ ማን እንደምትልክ አልጠየቅኩም። ሕጉ አይፈቅድማ።

እሑድ ከጸሎት ስመለስ ልጅቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ብርሃን ካለበት አትነሳም። ፖስታውን እጇ ላይ አደረግኩላት። በጣቷ ዳሰሰችው።

"ዞሮ ነው?"

"ዞሮ ነው።"

"እኔም ተራዬ ደረሰ በይኛ። አንብቢልኝ፤ ፊደሉ ከእጄ ይሸሻል።"

መነጽሬን አደረግኩ። የእኔም ዓይን የእኔ ዕድሜ ነው፤ ቃሉን በጣቴ እየተከተልኩ ለቀምኩት እንጂ የማን እጅ እንደጻፈው አላስተዋልኩም።

"እህቴ፤ በርቺ ልልሽ አይደለም። የደከመን ሰው በርታ ሲሉት ይብሱን ይደክመዋል። እኔ ሥራዬ ስፌት ነው። ክር ሲያልቅብኝ መርፌዬን አልጥልም..."

"አቁሚ" አለች።

"ምነው፣ አልጣመሽም?"

"'ጎኔ ያለችው ክር እስክታቀብለኝ እጄን ዘርግቼ እቆያለሁ' ይላል ቀጥሎ።"

ወረቀቱን አየሁት። ይላል።

"'አንቺም እጅሽን ዘርጊ። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። ምንም አላወራም። አጠገብሽ ተቀምጬ ልብስሽን እጠግናለሁ።' እዚያ ላይ ያበቃል።"

እዚያ ላይ ያበቃል። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"የጫማ ሰፊው ሚስት" አለች ልጅቱ ወደ መስኮቱ እንደዞረች። "ለእሷ ነው የጻፍኩት። ሞታለች እኮ፣ እማማ። የሞተ ሰው ካርድ ቆርቆሮ ውስጥ ምን ይሠራል?" ከዚያ ሳቀች፤ አሳሳቋን አልወደድኩትም። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ይኸው፣ ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ እኔን ያዘኝ። እሷን ያላዳናት እኔን ያድነኛል?"

"ልጄ፣ ካርድ አያድንም፤ የሚያድነው..."

"ደግሞ እኮ አልፈለገችኝም። ክሬን፣ መርፌዬን፣ ትንሿን መቀስ ይዤ ከቤታችን በር ልወጣ ደርሼ ነበር። 'ጎረቤታቸው መጥታ ነበር፤ ሰው ማየት አልፈለገችም አለች' ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ታስታውሻለሽ? ካርድ መጻፍ የተውኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። የማይፈልግሽን ሰው ቃል ደርድረሽ ማስቸገር ምንድን ነው? እኔን አሁን አይዞሽ ሲሉኝ የሚሰማኝ ያኔ እሷን የተሰማት ነው አልኩ።"

"አስታውሳለሁ" አልኩ።

ጎረቤት አልመጣችም። ማንም አልመጣም። ይኸው አልኩት።

የጫማ ሰፊው ሚስት ደረቷን ነበር የታመመችው። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያች ሐሙስ ልጄ መቀሷን በጨርቅ ስትጠቀልል ሳያት እናቷን አየሁ፤ መሐረቡን አየሁ። ሰው ሁሉ "ያ ዓይነቱ አይደለም፣ አይተላለፍም" ይል ነበር። እኔ የሰው አፍ አላምንም። ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ እንደ ውሸት እንኳን አልከበደኝም፤ ሕፃን ልጅን ከእሳት ዳር እንደ መሳብ ቀለለኝ። በዚያው እሑድ ሴትየዋ ሞተች። ቀብሯ ላይ ልጄ ከኋላ ቆመች፤ ባልየውን ቀርባ አላነጋገረችውም፣ አፍራ። እሱም ከዚያ ወዲህ ጸሎት ቤት አልተመለሰም። እኔም ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ እሱም አልሸተተም፣ እኔም ረሳሁት መሰለኝ።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ቁጥር ብዬ ደውያለሁ። ካርዱን የመለሰው ማን ሊሆን ነው? ሚስቲቱ ሞታለች። ባልየው ነዋ። ባልየው ሊመጣ ነው።

ሰኞ ገና በጠዋቱ ደወልኩ።

"ሠላሳ አንድን ልሰርዘው ብዬ ነበር።"

"ተልኳል እማማ" አለች ጸሐፊዋ። "ሰውዬው እንዴት ደስ እንዳለው! ሚስቱ ስትሞት ካርዱን ሲያመጣ ጊዜ እምቢ ለማለት አንጀት አጣሁና መዘገብኩት። ይኸው ሁለት ዓመቱ፤ ጠርቶት የሚያውቅ የለም።"

"ሌላ ሰው መላክ አይቻልም?"

"እማማ! ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት እኮ።"

ነጠላ ጫማ ልቀይር እንኳን ሳላስብ፣ ያችኑ የእሑድ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

የጫማ ሰፊው ሱቅ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተቆረጠች ናት፤ እሱ ሲነሳ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ግድግዳው ላይ ባለቤታቸው ያልመጣ ጫማዎች ተሰቅለዋል፤ ግማሾቹ ነጠላ ናቸው። ማጣበቂያው ይሸታል። በከንፈሩ ምስማሮች ይዞ የሴት ጫማ ብረቱ ላይ ደፍቶ ይመታ ነበር። ሲያየኝ ፊቴን አላየም፤ እግሬን አየ።

"ያውልቁት" አለ በምስማሮቹ መካከል።

"ለጫማ አይደለም የመጣሁት።"

"ግራው ተረከዝ ተበልቷል። ደረጃ ላይ ይጥልዎታል። ያውልቁት እማማ፤ እየሠራሁ ያጫውቱኝ።"

ምን ላድርግ? አወለቅኩ። አንድ እግሬ በካልሲ ካርቶን ላይ ሆኖ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው በአንድ እግሩ ጫማ ሆኖ ቁም ነገር መናገር እንዴት እንደሚከብድ የማያውቅ ይሞክረው።

"የልጄን ልጅ ልትጠይቅ እንደምትመጣ ሰማሁ" አልኩት።

"ረቡዕ ጠዋት። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት።"

"ረቡዕ ነው እኮ ቀጠሮዋ። አልሄድም ብላለች። ልቧ ተሰብሯል። እንግዳ..."

"ሰው ማየት አልፈለገችም?"

ያችው የእኔ ቃል፣ ከሰው አፍ ዞራ መጣች። "እሱ ነው" አልኩ።

ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አወጣና መዳፉ ላይ አደረጋቸው። "የእኔዋ ደግሞ ሌላ ነበረች። ሰው ትወድ ነበር። ያ ካርድ የመጣ ቀን 'ሐሙስ የምትመጣ አለች' ብላ ስንት ጊዜ እንዳስነበበችኝ! ማን እንደሆነች አናውቅም፤ ስም የለውም። ሐሙስ ታጠበች፤ ታጠቢ ማንም ሳይላት። አረንጓዴ ሹራቧ ቁልፉ ተበጥሶ ነበርና ከነቁልፉ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። 'ባዶ እጇን እንዳትቀመጥ ሥራ ላዘጋጅላት' አለችኝ።" መዶሻውን አነሳ። "እስኪመሽ ጠበቀች።"

እንግዲህ ያኔ ነበር መናገር። በር ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን፣ "ሥራ ይዟት ይሆናል" አልኩ።

"እኔም እሱን አልኳት። 'ምስኪን፣ ሥራ ይዟት ነው' አለች። ቂም አታውቅም ነበር። እኔ ነኝ የያዝኩት።" አንድ ምስማር መታ፣ ሁለተኛ መታ። "ምን እንደምላት አላውቅም፣ ለልጅዎ። እኔን ማጽናናት የት ያውቀኛል? ራሴ ከጸሎት የራቅኩ ሰው ነኝ። ብቻ ጸሐፊዋ ስትደውል፣ ካርዱ ቆርቆሮው ውስጥ ተቀብሮ የቀረ መስሎኝ ነበር፤ ሰው እጅ ገባ ስትለኝ... እመጣለሁ። ካልፈለገችኝ በር ላይ ቆሜ እመለሳለሁ።"

ጫማዬን አጥልቆልኝ ብድግ አደረገኝ። "በሉ፤ አሁን አይጥልዎትም" አለ።

ማክሰኞ ልጅቱ ቤቱን ስትዞር ዋለች። ሥራ ፍለጋ አይደለም። ሲኒ ታነሳለች፣ ወደ መስኮቱ ትወስዳለች፣ ቀኝ ዓይኗ ድረስ ታስጠጋለች፣ ታስቀምጣለች። የእናቷን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ ብዙ ቆየችበት። የራሷን መዳፍ አየች። በየጥጉ የለጠፍኳቸውን የአይዞሽ ወረቀቶች አላየቻቸውም፤ እነሱን ጨለማው ቀድሞ ወስዷቸዋል። ቦርሳውን ሳዘጋጅ፣ የሌሊት ልብስ፣ ሳሙና፣ ፎጣ ስከት፣ ምን እንደማደርግ በድምፁ አውቃለች።

ወደ ከሰዓት በኋላ፣ "እማማ፣ ነይ እዚህ" አለችኝ። "ወደ ብርሃኑ ዙሪ። ቀና በይ። ፊትሽን ልያዘው።"

አፍንጫዋ አፍንጫዬን ሊነካ ደረሰ። ዓይኗ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን እየቆረሰ ወሰደ።

"እዚህ ጋ ጠባሳ አለሽ እንዴ? አላውቅም ነበር።"

"የልጅነት ነው። ከደረጃ ወድቄ።"

"ደግ ፊት አለሽ" አለች። "በጨለማ ከማስታውሳቸው አንዱ ይህ ከሆነ አይከፋም።"

አሁን ልንገራት አልኩ። አሁን፤ ፊቴን ይዛው ሳለች፤ ምን ዓይነት ፊት እንደያዘች ትወቅ። አፌን ከፈትኩ። "ሾርባው ሊያርብኝ ነው" ብዬ ተነሳሁ። ሾርባው ገና አልፈላም ነበር።

ሌላም ነገር አሰብኩ፤ ልደብቀው አይገባም። ረቡዕ ጠዋት ሲያንኳኳ "ተኝታለች" ልለው። አንድ ቃል ብቻ። ያኛው ውሸት ሁለት ዓመት ከኖረ ይኼኛውስ ምን ይሆናል? ግን ደግሞ፣ እኔ ካልኩት ሁሉ ያልሠራው ከእሱ አፍ ቢሠራስ? አራት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት አንድ ቃል ልቧ ቢገባስ? እሷ ትዳን፣ እኔ ልጥፋ ማለት ሳይሆን፣ እሷም ትዳን እኔም ሳይታወቅብኝ ልቅር ነበር የለመንኩት። እንዲህ ዓይነት ጸሎት ጣራ አያልፍም።

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ላይ አንኳኳ። ከእኔ ቀድማ፣ "ማነው?" አለች ከመስኮቱ ሥር።

"ዞሮ ነው" አለ ከውጭ። "ሠላሳ አንድ ቁጥር።"

"ይግቡ" አለች። እኔ በሩን ከመክፈት ሌላ ምን ሥራ ቀረኝ?

ልብሱን ቀይሯል፤ እጁ ላይ ግን ማጣበቂያው አልለቀቀም። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሻይ ልበል ወይስ ልቀመጥ እያልኩ መሐል ወለል ላይ ቆምኩ።

"ንግግር አልችልም" አለ በመጨረሻ።

"ጥሩ ነው ጋሼ" አለች። "እዚህ ቤት ንግግር ሞልቷል።"

ፈገግ አለ። እሷም ፈገግ ያለች መሰለኝ። ልቤ ትንሽ ከፍ አለች። ተመስገን፣ ይኼው ያዘ፣ አልኩ።

"ድምፅዎን አውቀዋለሁ" አለች። "ጫማ ሰፊው ነዎት።"

"ነኝ።"

"ካርዱን እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ሰውዬው ሲነሳ ወንበሩ ተንቋቋ። መልሶ ተቀመጠ። "አንቺ ነሽ?" አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ የሆነ ነገር ከላይ እንደወደቀበት ሰው ነበር። "ስፌት... አዎ። ስፌት ነበር የሚለው።"

"ባለቤትዎን አስቸገርኳት። ሰው ማየት እንደማትፈልግ ባውቅ አልጽፍም ነበር። ይቅርታ ልጠይቅዎ እያልኩ ሁለት ዓመት አፈርኩ።"

"ማን ነው ሰው ማየት አልፈለገም ያለሽ?"

"እናንተ ናችሁ እንጂ። ጎረቤት ልካችሁ። ሐሙስ ዕለት።"

እኔ "ሻዩ" አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

"እኛ ማንንም አልላክንም" አለ ቀስ ብሎ። "ጠበቀችሽ እንጂ። ሹራቧን ከነቁልፉ ይዛ እስኪመሽ ጠበቀችሽ። ኋላ መብራት ላጠፋ ስል እንኳን 'ተወው፣ ከውጭ ስታይ ተኝተዋል እንዳትል በሩንም ገርበብ አድርገው' አለችኝ።"

ልጅቱ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ምን ያህል እንዳየችኝ አላውቅም፤ ጥላ ይሁን፣ ቀሚሴን ይሁን። አየችኝ ግን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋት ያልኩት ይህን አልነበረም።

"ሳሉን ፈርቼ ነው" አልኩ። "እናትሽን... አንቺን አተርፍ ብዬ ነው። የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። በሽታውን ይዘሽብኝ እንዳትመጪ ብዬ ነው ልጄ። ስለ እግዚአብሔር። እኔ ክፉ አላሰብኩም።" ብዙ አልኩ፤ ሁሉም እንደ ደረቅ ቅጠል ወለሉ ላይ ቀረ። አንዱንም አላነሳችው። ሰውዬው መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ጫማዬን፣ ራሱ የመታውን ተረከዝ።

"ሹራቡ የት አለ?" አለችው።

"ቤት አለ። ቁልፉም አልተተከለም።"

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማል። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር፤ እኔ በልቤ አለቀ፣ አሁንስ በቃ አልኩ።

"ሆስፒታሉን ያውቁታል?" አለችው።

"በሩ ድረስ አውቀዋለሁ። እሷን አመላልስ ነበር።"

ተነሳች። መነጽሯን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ዳብሳ አደረገች፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መነጽሩ ከሚያሳያት አልፏል። ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘች። ሰውዬው ካርዱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ክንዱንም ሳይሰጣት፣ ሳይጎትታት፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

ይህን ለማንም እንደ መልካም ዜና ማውራት አልችልም። ከአሥር ሦስቱ አራት አልሆነም። ተስፋ አግኝታ አይደለም የተነሳችው፤ እኔ ከማውቃት ልጅ ፊት ላይ ተስፋን መለየት እችላለሁ፣ አልነበረም። እኔ ካለሁበት ክፍል የሚወጣ መንገድ ፈልጋ ነው፤ የተገኘው መንገድ ወደ ሆስፒታል ሆነ። ለምኜ ለምኜ ያልሄደችልኝ ልጅ ሸሽታኝ ሄደች።

ቦርሳውን ይዤ በሩ ላይ ደረስኩባት። "አብሬሽ ልምጣ" አልኩ። ደግሜ፣ "ልጄ፣ አብሬሽ ልምጣ" አልኩ። "አይዞሽ" ልል ነበር፤ አሥረኛው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

እጇን ዘረጋች። ለእኔ መሰለኝና ጣቶቿን ያዝኳቸው። ጣቶቿ ከእጄ ወጥተው የቦርሳውን ማንገቻ ፈለጉ፣ አገኙት፣ ወሰዱት። በሌላ እጇ መቃኑን እየዳሰሰች፣ ወደ እኔ ሳትዞር ወጣች።